ብረት ስንገፋ ጓንት እናድርግ ወይስ በባዶ እጅ እንያዝ?

መርፌና ክር | አዳማ | ግንቦት 4፣ ምሽት

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ከሥራዬ የሚነሣ ስለሆነ አስቀድሜ ስለ ሥራዬ ጥቂት ልበል። ፍራንኮ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ አጎንብሼ ስለምውል ወገቤን ያመኝ ጀመረና፣ ሐኪም ጀርባዬን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንድሠራ ስለመከረኝ፣ ከስምንት ወር በፊት ሰፈራችን ካለው ጂም ተመዘገብኩ። ወገቤ ተሽሎታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ባዶውን ዘንግ እንኳ ለማንሣት እፈራ የነበርኩት ሴት ዛሬ ዴድሊፍት (ዘንግን ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም) 60 ኪሎ አነሣለሁ።

ችግሩ እጄ ነው። ከአራቱ ጣቶቼ ሥር መዳፌ ላይ መጅ አወጣሁ። መጁ አያመኝም፤ ነገር ግን ጠርዙ እንደ ሞረድ ሸካራ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ሙሽራ የሚሆን ነጠላ ስቋጭ የጥለቱ ሳባ ክር መዳፌ ላይ ተያዘና ተመዘዘ። አንድ ክር ብቻ ነው፤ ሆኖም ጥለት ላይ አንድ ክር ሲሳብ ረድፉ በሙሉ እንደሚሸበሸብ የሞከራችሁት ታውቁታላችሁ። የሙሽራዋ እናት ደግሞ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር።

በማግሥቱ ወፍራም፣ መዳፉ ላይ ስፖንጅ ያለው ጓንት ገዛሁ። መጁ መለስለስ ጀምሯል፤ አሁን ግን ዘንጉ ከእጄ ይንከባለልብኛል። በባዶ እጄ ስምንት ጊዜ የማነሣውን 60 ኪሎ በጓንት ሳነሣ አምስተኛው ላይ ጣቶቼ ይከፈታሉ። ጂሙ ውስጥ ብጠይቅ አንዱ «ጓንት የሰነፍ ነው» ይለኛል፤ ሌላው «ያለ ጓንት ብረት የሚነካ እጁን የጠላ ነው» ይለኛል። ሁለቱም ምክንያታቸውን አይነግሩኝም። እኔ የምፈልገው ምክንያቱን የሚያስረዳኝ ሰው ነው።

ቀጥ ያለ ጀርባ | አዳማ | ግንቦት 4፣ ሌሊት

እህቴ፣ ጥያቄዎን በሚገባ ስላስቀመጡት መልስ መስጠቱ ቀሎኛል። አሠልጣኝ ነኝ፤ እስካሁን የሰማሁት የጓንት ክርክር ሁሉ የሚበላሸው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አንድ ላይ ስለሚጨፈለቁ ነው። አንዱ የቆዳ ጉዳይ ነው፤ ሌላው የመያዝ ጉዳይ ነው። ጓንት ለቆዳው ይረዳል፤ መያዝን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጎዳል። በእርስዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይዎት። የወንዶች የክብደት ማንሣት ውድድር ዘንግ ውፍረቱ 28 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዙሪያው 88 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መዳፍዎንና ጣቶችዎን 2 ሚሊ ሜትር በሚወፍር ጓንት ሲሸፍኑ ዘንጉ በሁለቱም ወገን ይወፍርና 32 ሚሊ ሜትር የሆነ ያህል ይሆናል፤ ዙሪያውም ወደ 100 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ያ የተጨመረው 12 ሚሊ ሜትር የሚወሰደው አውራ ጣትዎ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ይደራረብበት ከነበረው ቦታ ላይ ነው። አውራ ጣት ሌሎቹን ሲደርብ እጅ ይቆለፋል፤ መደረቡ ሲቀር ግን ክብደቱን የሚይዘው የጣቶቹ ጉልበት ብቻ ይሆናል፤ እሱም ቶሎ ይደክማል። በዚህ ላይ ስፖንጁ ራሱ ይከዳል። ክብደቱ ሲበረታ ስፖንጁ ይታጠፋል፣ ጓንቱም እጅን ትቶ ከዘንጉ ጋር ይዞራል። ለሴቶች ውድድር 25 ሚሊ ሜትር የሚወፍርና 15 ኪሎ የሚመዝን ዘንግ የተመደበው ትንሽ እጅ ቀጭን ዘንግ ስለሚፈልግ ነው፤ የወንዶቹ 20 ኪሎ ነው። እርስዎ በጓንቱ ያደረጉት የዚህን ተቃራኒ ነው።

ወደ ቆዳው እንመለስ። መጅ በሽታ አይደለም፤ ቆዳ በተደጋጋሚ ሲታሽና ሲጫን የላይኛውን ንብርብር እያወፈረ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። ጣጣው የሚመጣው መጁ ጉብ ብሎ ወጥቶ ዘንጉ ሲቆነጥጠው ነው። ብዙ ሰው ዘንጉን መሃል መዳፉ ላይ አስቀምጦ አጥብቆ ይጨብጣል። ክብደቱ ከመሬት ሲለቅ ግን ዘንጉ በራሱ ጊዜ ወደ ጣቶቹ ሥር ይወርዳል፤ ሲወርድም የመዳፉን ቆዳ አጥፎ በጣትና በብረት መካከል ይጨምቀዋል። መጅ የሚያድገው በዚያ እጥፋት ላይ ነው፤ የሚቀደደውም እዚያው ነው። ስለዚህ ዘንጉን ከመጀመሪያው ጣቶች ከመዳፍ በሚገናኙበት መስመር ላይ ያሳርፉት። የማታ ማታ የሚደርሰው እዚያ ስለሆነ፣ ከዚያው ቢጀምር የሚታጠፍ ቆዳ አያገኝም።

ይህ ምክር ለሚሳቡ እንቅስቃሴዎች ብቻ ነው፤ ማለትም ለዴድሊፍት፣ ለፑል አፕ (ከብረት ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፣ ለሮው (ጎንበስ ብሎ ዘንግን ወደ ሆድ መሳብ)። በቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ዘንግን ወደ ላይ መግፋት) እና ከትከሻ በላይ በሚገፋ ክብደት ላይ ግን ዘንጉ ወደ መዳፉ ግርጌ ቀርቦ ልክ ከክንድ አጥንት በላይ ማረፍ አለበት፤ ጣቶች ላይ ካረፈ የእጅዎ አንጓ ወደ ኋላ ይታጠፋል።

በሚቀጥለው ልምምድ ጓንቱን አውልቀው፣ ክብደቱን ወደ 40 ኪሎ ቀንሰው፣ ይህን አያያዝ ይሞክሩትና ይንገሩን።

ብረት ለብረት | አዳማ | ግንቦት 5፣ ጠዋት

ከዚህ በላይ መከራከር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ጆርጂያዊው ክብደት አንሺ ላሻ ታላኻዜ እ.ኤ.አ. በ2021 ታሽከንት ላይ በስናች (በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ በሚነሣው) 225 ኪሎ፣ በክሊን ኤንድ ጀርክ (መጀመሪያ ወደ ትከሻ፣ ከዚያ ከራስ በላይ በሚነሣው) 267 ኪሎ፣ በድምሩ 492 ኪሎ ሲያነሣ እጁ ላይ ነጭ ዱቄት እንጂ ጓንት አልነበረም። በዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን ውድድርም ጓንት አድርጎ ማንሣት አይፈቀድም። ከባድ ብረት የሚያነሡ ሰዎች የማይነኩትን ዕቃ እኛ ለምን እንገዛለን? መጅ የሠራተኛ ሰው ማኅተም ነው።

ሻይ በዝንጅብል | ሐዋሳ | ግንቦት 5፣ ቀትር

ወንድሜ ብረት ለብረት፣ ታሽከንት ላይ ነጠላ የሚቋጭ ሰው አልነበረም።

ማኅተም ያልከው ነገር አያቴን አስታወሰኝ። መጅ የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ትጠቀምበት ነበር፤ ወፍጮ ላይ እህል ለምትፈጭበት ድንጋይና፣ ያ ድንጋይ መዳፏ ላይ ለተወላት ቆዳ። በሁለቱም ስትኮራ አላየሁም፤ የሞተር ወፍጮ ሰፈራችን የገባ ዕለት ግን እልል ብላለች።

ደግሞም ምሳሌህን ሙሉ አድርገው። እንግሊዛዊው ኤዲ ሆል እ.ኤ.አ. በ2016 500 ኪሎ ዴድሊፍት ሲያነሣ፣ አይስላንዳዊው ሃፍቶር ብዮርንሶንም እ.ኤ.አ. በ2020 501 ኪሎ ሲያነሣ፣ ሁለቱም ዘንጉን ከእጃቸው አንጓ ጋር በማሰሪያ አስረውት ነበር። ማሰሪያው ክብደቱን ከጣቶች ወደ አንጓ ስለሚያሻግረው የእነርሱ የውድድር ዓይነት ይፈቅደዋል፤ አንተ የጠቀስከው ደግሞ ይከለክለዋል። ደንቡ የሚለያየው የሚፈተነው ነገር ስለሚለያይ ነው። የእኅታችን ፈተና የሙሽራ ልብስ ነው።

እኔ ስስ፣ ስፖንጅ የሌለው፣ ጣቶቹ የተቆረጡ ጓንት አለኝ። የማደርገው ለማሽኖቹና ለዳምቤል ነው። ዴድሊፍት ላይ አወልቀዋለሁ። ይህን ያህል ነው የማውቀው።

ቮላኖ | አዳማ | ግንቦት 5፣ ምሽት

ልጆች፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ። እኔ የጋራዥ ሰው ነኝ፤ በወጣትነቴ ብረት የምንገፋው የከባድ መኪና ታምቡርና ቮላኖ (ከሞተር ጋር የሚሽከረከር ከባድ የብረት ክብ) በአክስል ላይ ሰክተን ስለነበር ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። አሠልጣኙ የተናገረው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስሌቱ በሙሉ የተሠራው ዘንጉ 28 ሚሊ ሜትር ነው ከሚል ነው። በከተማችን ብዙ ሰፈር ውስጥ ያለው ዘንግ የውሃ ቧንቧ መሆኑን ማን ነገረው?

የቧንቧ ቁጥር ያታልላል። የአንድ ኢንች ቧንቧ ሲባል ሰው 25 ሚሊ ሜትር ይመስለዋል፤ ስሙ ግን የተወሰደው በግምት ከውስጠኛው ቀዳዳ ነው። የውጭው ውፍረት 33.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአንድ ተኩል ኢንቹ ደግሞ ከ48 ሚሊ ሜትር ያልፋል። በዚህ ላይ ጓንት የሚጨምር ሰው የመብራት ምሰሶ እንደ ማቀፍ ነው።

ልጄ መርፌና ክር፣ አንቺ ዘንድ ሜትር አለ። ነገ ይዘሽው ሂጂና የምታነሺበትን ዘንግ ዙሪያውን ለኪው። 88 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዘንግሽ ደህና ነው፤ 106 ከሆነ የአንድ ኢንች ቧንቧ ነው፤ 152 ከሆነ የአንድ ተኩል ኢንች ነው። በቧንቧ ላይ ሌላም ችግር አለ፤ ልሙጥ ነው። እውነተኛው ዘንግ ላዩ ላይ በቶርኖ የወጣ ጥርስ ስላለው ቆዳን ይይዛል፤ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ግን ላብ ሲነካው እንደ ዓሣ ነው። ስለዚህ ልሙጥ ቧንቧ ላይ ስስ ላስቲክ ያለው ጓንት ከባዶ ላብ ያለበት እጅ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን አሠልጣኙም የሚቃወመኝ አይመስለኝም።

ጂሙ ዘንግ ማሠራት ቢፈልግ ድፍን የሆነ 28 ሚሊ ሜትር ብረት ገዝቶ ቶርኖ ቤት ጥርስ ማስወጣት ይቻላል። 2.2 ሜትር ርዝመት ያለው ድፍን ብረት ብቻውን ከ10 ኪሎ ትንሽ ያልፋል፤ ክብደት ስትቆጥሩ እንዳትረሱት። ቧንቧ ላይ ጥርስ አታስወጡ፤ ግድግዳው ስስ ነውና የባሰ ይደክማል። ቧንቧ ከባድ ክብደት ሲሸከም መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ቀጥሎም አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይታጠፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግቢ ውስጥ ብረት የሚገፉ ልጆች አሉ። በአዳማ የግንቦት ፀሐይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ውጭ የዋለ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም። እዚያ ላይ ጓንት የሰነፍ ነው የሚል ሰው እጁን አስቀድሞ ያሳርፍበትና ከዚያ ያስተምረን።

መርፌና ክር | አዳማ | ግንቦት 7፣ ምሽት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ የጂሙን ዘንግ ስለካ ሲያዩ ልብስ ልሰፋለት መስሏቸው ስቀዋል። ስምንት ወር ሙሉ ስሠራበት የነበረው ዘንግ ዙሪያው 106 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ኢንች ቧንቧ ማለት ነው። የፑል አፑ ብረት ደግሞ ልክ እርስዎ እንዳሉት 152 ሆኖ ተገኘ፤ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ፑል አፕ መሥራት ያቃተኝ ጉልበት ስለሌለኝ ብቻ ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ነበር። ጥግ ላይ ከተጋደሙት መካከል 88 የሆነ አንድ ዘንግ አገኘሁ። ጥርሱ ትንሽ ዝጓል፤ ወንዶቹ አይነኩትም።

በዚያ ዘንግ፣ ያለ ጓንት፣ አቶ ቀጥ ያለ ጀርባ እንዳሳዩኝ ከጣቶቼ ሥር ይዤ 40 ኪሎ ሞከርኩ። መጀመሪያ ሊያመልጠኝ ያለ መሰለኝ፤ በእጄ ሙሉ ስላልጨበጥኩት ፈራሁ። በሦስተኛው ዙር ግን ቆዳዬን የሚቆነጥጠኝ ነገር እንደሌለ አስተዋልኩ። 60 ኪሎውን ሰባት ጊዜ አነሣሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የነበረውን መጅ ምን ላድርገው? ዝገቱስ ቢቧጭረኝ ቴታነስ ያመጣብኛል ወይ?

የሌሊት ፈረቃ | አዳማ | ግንቦት 8፣ ጠዋት

ነርስ ነኝ። ጥያቄዎቹ ወደ እኔ ሥራ ስለቀረቡ ጥቂት ልበል፤ ምንም እንኳ ከፈረቃ ወጥቼ ዓይኔ እየተጨፈነ ቢሆንም።

መጁን በምላጭ እንዳትቀርፊው። ምላጭ የሚያቆመው ደህናው ሥጋ ላይ ሲደርስ ነው። ገላሽን ታጥበሽ ቆዳው ሲርስ፣ ለተረከዝ በምንጠቀምበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቀስታ ፈግፊው፤ እኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ይህን ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ዓላማው መጁን ማጥፋት ሳይሆን ከዙሪያው ቆዳ ጋር ማስተካከል ነው። ሙሉ በሙሉ ካጠፋሽው በሚቀጥለው ልምምድ ውኃ ትቋጥሪያለሽ። ማታ ስትተኚ ግሊሰሪን ወይም ቫዝሊን ቀቢው። ጠዋት ላይ ግን አትቀቢ፤ ለቆዳሽ ጥሩ ቢሆንም ለሙሽራዋ ነጠላ መጥፎ ነው።

ስለ ቴታነስ፣ ማለትም መንጋጋ ቆልፍ ስለምንለው በሽታ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በሽታውን የሚያመጣው ዝገት አይደለም። ባክቴሪያው በአፈርና በከብት እበት ውስጥ የሚኖር ነው፤ የቆሸሸ ብረት ወደ ቁስል ሊያስገባው ስለሚችልና በተለይ ጠባብና ጥልቅ የሆነ ቁስል ስለሚመቸው ነው ሚስማር የሚፈራው። የመዳፍ ላይ ጭረት ጥልቅ ባይሆንም ክትባቱን ያልወሰደ ሰው በእርሱ መተማመን የለበትም። መሠረታዊውን ክትባት የጨረሰ አዋቂ ማጠናከሪያውን በየ10 ዓመቱ ይወስዳል። ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ስለሚሰጠን ካርዳችንን ብናይ እናገኘዋለን፤ ወንዶቹ ግን መቼ እንደተከተባችሁ እስቲ ጠይቁ።

መዳፍ ከተቀደደ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ያቃጥላል፤ ቢሆንም ይታጠባል። የተንጠለጠለውን የሞተ ቆዳ በንጹሕ መቀስ መቁረጥ ይቻላል፤ መጎተት ግን አይገባም። ከዚያ በፋሻ ይሸፈናል። የቡና ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ናፍጣ እንዳታደርጉበት እለምናችኋለሁ፤ ሦስቱንም አድርገው የመጡ ሰዎች አጥቤያለሁ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቁስሉ ቶሎ ስለማይድንና አንዳንዴም እጁ ስለሚደነዝዝ ቁስሉን ዘግይቶ ስለሚያየው፣ ለእርሱ ጓንት ማድረግ ከምርጫ ይልቅ ጥንቃቄ ነው።

ቀለበት አውልቁ። ጓንት ከላይ ማድረግ ቀለበት ማውለቅን አይተካም፤ ከሥር ያለው ቀለበት ቆዳውን ከብረቱ ጋር ይቆነጥጠዋል፣ ፑል አፕ ላይ ደግሞ ቀለበቱ አንዳች ነገር ላይ ቢያዝ ጣት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እዚህ ባልገልጸው ይሻላል።

ጂም በር ላይ በጋራ የሚቀመጥ ጓንት ካለ አታድርጉት። ጭርትም ሆነ በቫይረስ የሚመጣ የእጅ ኪንታሮት በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ሊተላለፍ ይችላል። የራሳችሁንም ቢሆን እጠቡት። ቆዳ ከሆነ በጥላ ይድረቅ፤ የአዳማ ፀሐይ እንደ ቋንጣ ያደርገዋል።

የመጨረሻው ነገር፣ ቤንች ፕሬስ ስትሠሩ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት የሚደነዝዝባችሁ ካላችሁ፣ በመዳፍ ግርጌ በትንሿ ጣት በኩል የሚያልፈው ነርቭ በዘንጉ እየተጫነ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ስፖንጅ ያለው ጓንት በእርግጥ ይረዳል፤ ብስክሌት ነጂዎች የሚያደርጉትም ለዚህ ነው። ድንዛዜው ከልምምድ በኋላ ካልለቀቀ ግን ጓንት መግዛታችሁን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አዲስ ገቢ | አዳማ | ግንቦት 8፣ ማታ

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጓንት ለመግዛት አቅሜ ስላልፈቀደ ከክፍል ጠመኔ ወስጄ ፈጭቼ እጄን እቀባለሁ። ላሻ ታላኻዜ የሚቀባውም ይኸው አይደለም ወይ?

ቀጥ ያለ ጀርባ | አዳማ | ግንቦት 8፣ ሌሊት

ወንድሜ፣ መልኩ እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። አንሺዎች የሚቀቡት ማግኒዚየም ካርቦኔት ነው፤ ላብን መጥጦ እጅን ያደርቃል፣ የእጅና የብረትን መያያዝም ይጨምራል። የሰሌዳ ጠመኔ የሚሠራው ከካልሲየም ውሑዶች ነው፤ ላብን እንደዚያኛው አይመጥም፤ ሲረጥብም ይላቁጥና ዘንጉን ያንሸራትተዋል። ማግኒዚየም ካርቦኔት እስክታገኝ ድረስ በየዙሩ መካከል እጅህንና ዘንጉን በደረቅ ፎጣ ጥረግ፤ ፎጣ የሚሠራውን ሥራ ሰዎች ይንቁታል እንጂ በከተማችን ሙቀት ከጓንት የበለጠ ይረዳል። አንዳንድ ጂም ዱቄቱ ስለሚበን ይከለክለዋል፤ በዚህ ጊዜ በአልኮል የተበጠበጠው ፈሳሹ ዓይነት አለ፣ አልኮሉ ተኖ ዱቄቱ እጅ ላይ ይቀራል። ቆዳን በጣም ስለሚያደርቅ ማታ ማታ የነርሷን ቫዝሊን አትርሳ።

አንተም ወጣት ስለሆንክ ይህን ልምከርህ፤ በውድድር ዘንግ ላይ ከባድ ክብደት ሲመጣ አውራ ጣትህን ከዘንጉ ጋር አስጠግተህ በሌሎቹ ጣቶች ከላይ ጨብጠው። ክብደት አንሺዎች የሚጠቀሙበት የመንጠቆ አያያዝ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አውራ ጣትን ያሳምማል። በወፍራም ጓንት ይህን መሥራት አይቻልም፤ በቧንቧም ለትንሽ እጅ ያስቸግራል።

ጋሽ ቮላኖ ስለ ልሙጡ ቧንቧ የጻፉትን አልቃወምም። ስስና ላስቲክ ያለው እስከሆነ ድረስ እስማማለሁ።

የክራር ክር | አዳማ | ግንቦት 10

ክራር እመታለሁ። መርፌና ክር፣ የእኔና የአንቺ ችግር የሚመሳሰል መስሎኝ ነበር፤ ግን እኔ የጣቶቼ ጫፍ እንዲጠነክር እፈልጋለሁ፣ መዳፌ የፈለገውን ይሁን። ጓንት ኖረም አልኖረ እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። ከዴድሊፍት በኋላ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ቀን ከጂም ቀጥታ ወደ ሠርግ ሄጄ አንቺሆዬ ቅኝት ላይ የማላውቀው ሰው የመታ የሚመስል ድምፅ አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የምገፋው ሥራዬን ስጨርስ ነው። ጥልፍና ነጠላ መቋጨት ያለሽ ቀን ብረቱን ማታ አድርጊው።

ብረት ለብረት | አዳማ | ግንቦት 19

ባለፈው የጻፍኩትን አልሰርዘውም፤ የምጨምረው ግን አለ። ትናንት በ48 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ ላይ ፑል አፕ ስሠራ የቀኝ መዳፌ ቆዳ ከመሃል ጣቴ ሥር የጥፍር ስፋት ያህል ተገለበጠ። ማኅተሙ ተነቀለ ማለት ነው። ነርሷ እንዳለችው አጥቤዋለሁ፤ ጩኸቴን ጎረቤት ሰምቷል። እንግዲህ ለአንድ ሳምንት ያህል ምን ልሥራ? በጓንት ልቀጥል ወይስ ልረፍ?

የሌሊት ፈረቃ | አዳማ | ግንቦት 19

እግር ሥራ። በተገለበጠ ቁስል ላይ ጓንት ብታደርግ ላቡ ያረጥበዋል፣ አዲሱ ቆዳም ከጨርቁ ጋር ይነሣል። አዲስ ቆዳ ሸፍኖት ሲጫን ሕመሙ ሲጠፋ፣ ያኔ ቁስሉን በፕላስተር ሸፍነህ ከላዩ ጓንት ማድረግ ትችላለህ።

መርፌና ክር | አዳማ | ግንቦት 26፣ ምሽት

ሦስት ሳምንት ሆነኝና የደረስኩበትን ልንገራችሁ። መጄ አልጠፋም፤ ነገር ግን ተስተካክሏል፣ ሽፎን ላይ እጄን ሳሻሽ ክር አይዝም። ዴድሊፍትና ሮው በባዶ እጄ፣ በ88ቱ ዘንግ ብቻ እሠራለሁ፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ በዘይት ጨርቅ አብሼ ደህና አድርጌ አድርቄዋለሁ፣ አሁን ወንዶቹም ይሻሙብኛል። ወፍራሙን ጓንቴን ለታናሽ እኅቴ አልሰጠኋትም፤ ቤንች ፕሬስ ላይ ትንሿ ጣቴን ይደነዝዘኝ እንደነበር ነርሷ ከጻፈችው በኋላ ስላስተዋልኩ ለእርሱ አስቀርቼዋለሁ። ሁለተኛውን ፑል አፕ ግን እስካሁን አልሠራሁም፤ የመጀመሪያውን ትናንት ሠርቻለሁ።

ፑል አፑ ልሙጥና ወፍራም ስለሆነ ለእርሱ የሚሆን ነገር ራሴ ሰፋሁ። ስስ ለስላሳ ቆዳ ከቦርሳ ሠሪ ቁራጭ ለመንኩ። ቁመቱ 11፣ ስፋቱ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምላስ ቆረጥኩ፤ ከላይ ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት ሁለት ቀዳዳ አወጣሁለት፣ ከታች በአንጓ ዙሪያ የሚታሰር ቬልክሮ ሰፋሁበት። መዳፉን ብቻ ስለሚሸፍንና ጣቶቹ ባዶ ስለሆኑ አያያዜን አያወፍረውም። የመጀመሪያው ቀዳዳ ጠቦኝ ተቀደደ፤ በሁለተኛው ላይ ጠርዙን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያውን ሰፋሁት። ይዟል።

ቮላኖ | አዳማ | ግንቦት 26፣ ሌሊት

ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ለእኔም አንድ ጥንድ ስፊልኝ፤ ዋጋውን እንደማንኛውም ደንበኛ እከፍላለሁ። መዳፌ ከአንጓ እስከ መሃል ጣት ሥር 12 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የቀኙ የመሃል ጣቴ በሞተር ቀበቶ ተይዞ ስለነበር አንጓው ወፍሯል፣ ቀዳዳውን በዚያ በኩል ሰፋ አድርጊው።